ዕውቀት ሁሉ በጥቅሙ ይመዘናልን?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓትና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ብዙ ተጽፏል። ይኸ ሁሉ ተገቢ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላ ነገር ይዘን ቀርበናል። ለማስተማር ልምምድ የቡ ወርደን የተመለስን ሠልጣኞች ነን። ከዚያ ስንመለስ አንድ ጥያቄ አብሮን መጣ። ጥያቄው እኛን ብቻ ሳይሆን ነገ ጠመኔ የሚይዘውን ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡ የማና ወረዳ ከተማ ስትሆን ዙሪያዋን ቡና ነው። እኛ በደረስንበት ወቅት በጋው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ቀን ማታ ደህና ዝናብ ጣለ። ሳምንት አልፎ ጥቂት ቀን እንደ ቆየ አንድ ጠዋት ስንነሳ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ያለው ቡና ሁሉ ነጭ ለብሶ አገኘነው፤ ሽታው ክፍል ድረስ ይገባል። በዚያን ዕለት ደግሞ የ5ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርታችን ርእስ «የአበባ ክፍሎች» ነበር። እኛም መጽሐፉ ላይ ያለውን አበባ ሰሌዳው ላይ አሳምረን ሣልንና ስሞቹን በቀስት እያመለከትን ማስገልበጥ ጀመርን።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ቲቸር፣ ቡናው ትናንት አበባ አልነበረውም። ዛሬ የኛም፣ የጎረቤትም፣ የማዶውም ባንድ ጊዜ አበበ። ማን ነገራቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኛስ ምን አልን? «እሱ በዛሬው ትምህርት ውስጥ የለም፤ ፈተና ላይም አይመጣም። ምን ያደርግልሃል? ይልቅ የጀመርከውን ገልብጥ» አልነው። ልጁ ቁጭ አለ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ሁለተኛ እጁን አላወጣም።

ያን ዕለት ሰሌዳው ፊት የቆመው ከመካከላችን አንዱ ነው። ሌሎቻችን ግን ከኋላ ተቀምጠን የምዘና ቅጽ እየሞላን ነበር፤ አንዳችንም «ይህ መልስ ልክ አይደለም» ብለን አልጻፍንም። እንዲያውም «ክፍሉን በሚገባ ተቆጣጥሯል» ብለን ጥሩ ነጥብ ሰጠነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሁላችን ነው።

ማታ ሻይ ቤት ስንገናኝ ክርክሩ ተነሣ። ግማሾቻችን «መልሱ ትክክል ነበር እኮ!» አልን። ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ተማሪው ብዙ ነው፤ ዓመታዊ ዕቅዱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ከዚህም በላይ አገራችን ድሃ ናት። ድሃ አገር የሚያስፈልጋት ዕውቀት ጤፉን የሚያበዛ፣ ወባውን የሚያጠፋ፣ ድልድዩን የሚሠራ ነው። ይህን ትቶ ቡና ማን እንደ ነገረው ሲመራመሩ መዋል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን ያሰጋል ተባለ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ቡና ገበሬ ናቸው። ክርክራችንን ሲሰሙ ቆዩና «ልጆቼ፣ ለቀማ ሲደርስ የልጄን እጅ እፈልገዋለሁ። እሱን ትቼ እናንተ ዘንድ የምሰደው እኮ የሚጠቅመውን እንድታስተምሩልኝ ነው» አሉን። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ አባት ፊት ቆሞ «ዕውቀት ለዕውቀትነቱ ነው» ብሎ መፈላሰፍ ይከብዳል። እሳቸው ደብተሩን የገዙት ከቡናው ላይ ቆርሰው ነው። የመጠየቅ መብት አላቸው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ስናወጣ ስናወርድ ሰንብተን አንድ አቋም ላይ ደርሰናል። ዕውቀት ዋጋ የሚኖረው ጥቅሙ አስቀድሞ ሲታይ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው፤ በመምህር አፍ ሲነገር ደግሞ ጉዳት ነው። ምክንያቶቻችንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የትኛው ዕውቀት እንደሚጠቅም አስቀድሞ የሚያውቅ ማነው? ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከቡናችን እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ክፉ የቡና በሽታ በአገራችን ታየ። ባለሙያዎች «ሲ.ቢ.ዲ.» ይሉታል። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ በሽታ ነው። በዚህ ጊዜ መልኮ የሚገኘው የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ሰዎች በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች መፈለግ ያዙ። ዛሬ በብዙ ማሳ የሚገኙት 74110ና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከዚህ ፍለጋ ነው፤ የእናት ዛፎቻቸው ከኢሉባቡር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ለገበሬው የተለቀቁትም በ1979 ነው።

እስቲ እናስብ። በሽታው ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ጫካ ገብቶ «ይህ ቡና ቅጠሉ ጠባብ ነው፣ ያኛው ቅርንጫፉ ወደ ላይ ይቆማል፣ ይህኛው ጫፉ ነሐስ ይመስላል» እያለ ሲጽፍ ብናገኘው ምን እንል ነበር? «ሥራ የፈታ! ቡና ያው ቡና ነው» እንል ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ዛፍ ከሌላው እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ችግሩ ሲመጣ ጫካ ገብቶ ምን ይፈለግ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የሚባለው ለዚህ አይደለምን?

ሌላም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሰናዳው ቡድን በአገራችን እየዞረ የቡና ዘር ሰበሰበ። ከዚያ ዘር የተገኙ ተክሎች ብራዚል ውስጥ በአንድ የምርምር ጣቢያ ተተክለው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የሄዱትን ከ3,000 በላይ ዛፎች አንድ በአንድ መርምረው፣ 3ቱ ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚያስደፍሩ ሆነው እንዳገኟቸው ገለጹ። ካፌይን ማለት ቡና የጠጣን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ነው። ዘሩ ሲሰበሰብና ይህ ሲታወቅ መካከሉ 40 ዓመት ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አትክልቱን ሲኮተኩት የኖረውን ሰው «ይህ ምን ይጠቅማል?» ብለን ብንጠይቀው ምን ይመልስልን ነበር? ወሬው በተሰማ ጊዜ «የዘሩ ባለቤት ማነው?» የሚል ክርክር መነሣቱም አልቀረም። እኛን የቆጨን ግን ሌላ ነው። ዘሩ ከኛ ጫካ ነው፤ ጠይቆ ያገኘው ግን ሌላ ነው።

ሒሳብም ቢሆን ያው ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያልን ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን ቁጥሮች ለልጆች እናስተምራለን። እነዚህ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው የግሪኩ ኤውክሊድ ካሳየ ከ2,200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለሽያጭም ለግዢም አልሆኑም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቁጥርን ጥናት ለጦርነት የሚያውል ሰው እስካሁን አልተገኘም ብሎ በጥናቱ ንጹሕነት ተመክቶ ነበር። ይኸውም በተባለ በ37 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ 3 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በነዚሁ ቁጥሮች ምሥጢር የመቆለፊያ ዘዴ አወጡ። ዛሬ በእጅ ስልክና በኢንተርኔት የሚላከው ገንዘብና ምሥጢር ሁሉ እንዳይሰረቅ ከሚጠብቁት ዘዴዎች መካከል ይኸው ይገኝበታል።

ሁለተኛ፣ እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ይኸንን የጠቆመን ክፉኛ የሚከራከር አንድ ጓደኛችን ነው። «እናንተ የምትሉት እኮ ዕውቀት ቢዘገይም መጥቀሙ አይቀርም ነው። ያው ዞራችሁ በጥቅም መዘናችሁት! ለዘለዓለም የማይጠቅመውስ?» አለን። ልክ ነው። ለዚህም መልስ ያስፈልጋል።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን ከአካሏ አጽም 40 በመቶ የሚሆነው ተለቅሟል። ጊዜው ምን ዓይነት ጊዜ እንደ ነበር አንርሳ። በወሎ የደረሰው ረሃብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሕዝብ እህል አጥቶ ሳለ አሮጌ አጥንት ትቆፍራላችሁ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? በውነቱ የተራበ ሰው ፊት አጥንት ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ እህሉ ይቀድማል።

ሆኖም ድንቅነሽ ምን ነገረችን? አንጎሏ ትንሽ፣ ከዝንጀሮ መሰል እንስሳት አንጎል ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። እንግዲህ የሰው ዘር ቀጥ ብሎ መሄድ የጀመረው አንጎሉ ከማደጉ በፊት ነው ማለት ነው። ይህን በማወቃችን የጤፍ ምርት በአንድ ኩንታል አልጨመረም፤ ወደፊትም የሚጨምር አይመስለንም። ግን «ባናውቀው ይሻለን ነበር» የሚል ሰው ከመካከላችን ይገኛልን? እኛ አላገኘንም። ያ ክፉኛ የሚከራከረው ጓደኛችን እንኳ አዲስ አበባ ቢሄድ መጀመሪያ ሊያይ የሚፈልገው ብሔራዊ ሙዚየምን እንደ ሆነ ሳይወድ አምኗል። ሰው ከየት እንደ መጣ ማወቅ የሚፈልገው ስለሚከፈለው አይደለም። እናት ልጇን «ማን ወለደኝ? የት ተወለድሁ?» ሲላት «ምን ያደርግልሃል?» አትለውም።

ሦስተኛ፣ «ድሃ አገር ይህን አይችልም» የሚለው አነጋገር ከራሳችን ታሪክ ጋር አይስማማም። ከኛ በፊት የነበረው ድሃ ገበሬ እኮ ችሎታል! የቆሎ ተማሪውን እናስብ። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየፈራ፣ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ እየበላ በጎጃምና በጎንደር ቅኔ ቤት በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ይኖር ነበር። ደረሳውም እንደዚሁ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ጅማ የእስልምና ትምህርት የሚፈለግባት አገር ነበረች፤ ደረሳው ከሩቅ መጥቶ በሼሁ ዘንድ ይቀመጣል፣ ቁርኣኑን ይቀራል፣ የዐረብኛውን ሰዋስው ነሕዉን ያጠናል። ከነዚህ ተማሪዎች አንዳንዱ ኋላ መተዳደሪያ አግኝቶበታል፤ ሌላው ዕድሜውን ሁሉ ሲማር አልፏል። ቁራሹን የሰጠችው እናት ግን «ቅኔህ ስንት ቁና ያመርታል?» ብላ አልጠየቀችም። ራሷ ሳትጠግብ ሰጠች። እንግዲህ ጥቅሙ በዓይን የማይታይ ዕውቀት የሀብታም ጨዋታ ነው የምንል ሰዎች የራሳችንን እናቶች አናውቃቸውም ማለት ነው።

አራተኛና ዋነኛው ደግሞ ወደ ራሳችን የሚመለስ ነው። እነዚያ የቡናው ገበሬ «የሚጠቅመውን አስተምሩልኝ» ሲሉ የሸሹት ምንን ይመስላችኋል? ልጃቸው ዝናብ ቡናን እንዴት እንደሚቀሰቅስ ማወቁን ነውን? አይደለም። የሸሹት ሽምደዳውን ነው። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል እንደ ዳዊት ሲደግም ይሰማሉ። «ይህ ምን ይጠቅማል?» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን የጨረስነው በዚሁ ዓይነት ነው። ትርጓሜውን ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድደን፣ ፈተናው ላይ ዘርግፈን፣ በማግስቱ ባዶ እንሆናለን። ይህ ጥቅም ያለው ዕውቀት አይደለም፤ ለራሱ ሲባል የተፈለገ ዕውቀትም አይደለም። ጭራሽ ዕውቀት አይደለም! ያን ዕለት በየቡ ሰሌዳ ላይ የሣልነው አበባ በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በማና ወረዳ የማይገኝ አበባ ነበር። እውነተኛው አበባ በመስኮት እየገባ ይሸተናል፤ እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተነዋል። ወደ እውነተኛው የተመለከተው ያ ልጅ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እሱን አስቀመጥነው።

በመሆኑም «ጥቅም ወይስ ዕውቀት» የሚለው ክርክራችን ግማሹ የተሳሳተ ክርክር ነበር። የሚጋጩት እነዚህ ሁለቱ አይደሉም። የሚጋጩት ጠይቆ ማወቅና ሳይጠይቁ መገልበጥ ናቸው። በጠየቀ ሰው እጅ ጥቅሙም ይመጣል፣ ደስታውም ይመጣል። በገለበጠ ሰው እጅ ግን ማዳበሪያ እንኳ አይጠቅምም፤ መጠኑን አያውቀውምና።

ይህን ስንል ክፍል ውስጥ የመጣ ጥያቄ ሁሉ ትምህርቱን ይቁም ማለታችን አይደለም። ቅደም ተከተል አለው። ልጁ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ፣ ውኃ አፍልቶ መጠጣት አስቀድሞ ይማር። በዚህ ከአባትየው ጋር አንድ ነን። የምንቃወመው መምህሩ የልጅን ጥያቄ በገበያ ሚዛን መዝኖ ሲጥለው ነው። ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነውና፦ ሁለተኛ አለመጠየቅን።

የየቡውስ ነገር እንዴት ሆነ? በሳምንቱ መጨረሻ ወደዚህ መጣንና የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅን፤ ቤተ መጻሕፍት ገብተንም አነበብን። ነገሩ እንዲህ ኖሯል። የቡና እንቡጥ በበጋው ወራት ጥቂት ያድግና ይተኛል። ድርቁ ነው የሚያስተኛው። ውኃ የጠማው እንቡጥ ዝናብ ሲያገኝ ይነቃና ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል። ዝናቡ በሁሉም ላይ ባንድ ሌሊት ስለሚጥል ሁሉም ባንድ ጠዋት ያብባል። የነገራቸው ዝናቡ ነው ማለት ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ድርቁም ያስፈልጋል፤ በጋውን ሙሉ ውኃ ሳይጓደልበት የከረመ ቡና እንዲህ ባንድነት አይፈነዳም። ቡና በመስኖ የሚያለሙ እንደ ብራዚል ያሉ አገሮች ይህን አውቀው ውኃውን ለጊዜው ይከለክሉና ኋላ ይለቁታል፤ አበባው ባንድ ጊዜ ከፈነዳ ፍሬውም ተቀራርቦ ይደርሳል፣ ለቀማውም ይቀላል።

ልብ በሉ! «ምን ያደርግልሃል?» ያልነው ጥያቄ ለለቀማ የሚሆን መልስ ነበረው። ልጁ ግን የጠየቀው ስለ ለቀማ ብሎ አይደለም፤ ገርሞት ነው። ይህ ጥቅም ባይገኝበትም ኖሮ ጥያቄው ያው ጥያቄ ነበር።

ሰኞ ተመልሰን ክፍል ገባንና በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅነው። ቀጥሎም የተረዳነውን ለክፍሉ ሁሉ ነገርን። ማታ ለአባትየው ቤት ስንነግራቸው «ዝናብ ከጣለ በሳምንት ከምናምን እንደሚያብብማ እናውቃለን። ድርቁ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን እኔም አስቤው አላውቅም» ብለው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ማሰብ ጀመሩ። «ይህ ምን ይጠቅማል?» አላሉም።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ በትምህርት ዕቅዳችን ላይ ከ40ው ደቂቃ 5ቱን ለተማሪው ጥያቄ እንተው። ሁለተኛ፣ «አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ማለትን እንልመድ፤ ይህ ለመምህር ውርደት አይደለም፣ ሳያጣሩ መቅረት ነው እንጂ። ሦስተኛ፣ ከልምምድ የሚመለስ ሠልጣኝ ሁሉ ተማሪ ጠይቆት ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ጽፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ መምህራኖቻችንም ሲያልፉ ቆም ብለው ይዩልን።

ለመነሻ እኛ እንጀምራለን። ያ ልጅ መልሱን ከሰማ በኋላ እጁን ደግሞ አውጥቶ ነበር፦ «ታዲያ በጋ በሌለበት አገር ያለው ቡና መቼ ያብባል?» ያኔ መልስ አልነበረንም፤ «እናጣራለን» አልነው። ልምምዳችን አልቆ ከመጣን በኋላ አጣራን። እንደ ኮሎምቢያ ባሉ ዝናብ በዓመቱ ተከፋፍሎ በሚጥልባቸው ቦታዎች ቡና በዓመት ደጋግሞ ያብባል፤ ባንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባም፣ ጥሬ ፍሬም፣ ቀይ ፍሬም ሊገኝ ይችላል፤ ለቀማውም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ይህን ጽፈን ባለፈው ዓርብ ለልጁ በደብዳቤ ልከንለታል።

የቡ ለልምምድ ወርደው ከተመለሱ ሠልጣኞች